በዓይን ታይቶ ተረጋግጧል

ለክቡር ኩን ፕራፎን፣
የኖንግ ታፋን ወረዳ የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤንነትን እመኛለሁ፤ በጽሕፈት ቤትዎ ደጃፍ፣ ከማንጎው ዛፍ ጥላ ሥር፣ የባለጉዳይ መኪና ፀሐይ ላይ ሲሰለፍ እሷ ብቻ ጥላ ይዛ ለምትውለው አዲስ ነጭ መኪናዎም እንዲሁ ጤናን እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ መላክ ስችል በገበያው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ክብርዎን ለመንካት አስቤ አይደለም። ባለፉት አምስት ወራት በፖስታ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መንገድ ላይ ሳይደክሙ አልቀሩምና፣ ይኸኛው ቆሞ ቢጠብቅዎ ይሻላል ብዬ ነው።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ራምፓይ እባላለሁ። በወረዳችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ሰው ሁሉ «ክሩ» እያለ የሚጠራኝ መምህርት ነኝ። ክቡርነትዎንም ሦስተኛ ክፍል ላይ ማካፈል ያስተማርኩዎት እኔ ነኝ። ተጠራጣሪ ሰው መሆኔን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያውቁታል፤ ይህን ሁሉ ዘመን ልጅ ሲፈተን ቆሞ የጠበቀ ሰው ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። የእኔ ጉድ ግን ሌላ ነው፤ ጠርጥሬም ተመንጥሬያለሁ፣ ይባስ ብሎ ምንም ያልበደለ ሰው አስመንጥሬያለሁ። ስለዚህም ነው የምጽፈው። አቤቱታዎቼን እንደ ልማዴ በቁጥር አስቀምጣቸዋለሁ።

አንደኛ። ዘንድሮ ዝናቡ ሲጀምር፣ በእኛ በቡድሃ ዘመን አቆጣጠር በ2539 የተሠራችው አረንጓዴ መኪናዬ ታመመች። ጠዋት ስትነሣ ታስላለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ መብራት ላይ ስትቆም ሚኒሞዋ ይወርድና ትጠፋለች፤ ከኋላዬ የሚሄድ ባለ ሞተር ብስክሌት ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ነው የሚያልፈኝ። የዓመቱን ቦሎ ለማሳደስ ወደ እርስዎ ዘንድ ይዣት መጣሁ። ባለሙያዎ የመሣሪያውን ቱቦ ማርሚታዋ ውስጥ ከትቶ፣ ኮፈኗን ሳይከፍት፣ ድምፅዋን ሳይሰማ፣ «ጭሷ ከልክ በላይ ነው፤ ኦክስጅን ሴንሰሯ ይቀየር» የሚል ወረቀት ሰጠኝ። በሽተኛውን ሳይነካ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ብርቅ ነውና ከልብ አመሰግናለሁ።

ወረቀቱን ይዤ የሄድኩት ከቤቴ ሦስተኛው ቤት ወደሚኖረው፣ መላው ሰፈር አጎት ለማለት «ሉንግ» እያለ ወደሚጠራው ወደ ሉንግ ቹም ነው። ይህን መኪና ሃያ ሁለት ዓመት የሠራልኝ መካኒክ እሱ ነው። ሴንሰር ማለት ምን እንደሆነ ብጠይቀው እየሳቀ አስረዳኝ፦ «ይቺ ነገር ምላስ በያት፣ ክሩ። ጭሱን ትቀምስና ለኮምፒውተሩ ቤንዚን በዛ፣ ቤንዚን አነሰ እያለች ታወራለታለች። እሱም እሷ ባለችው ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ምላሷ ከሞተች ግን መኪናሽ እንደ ጉንፋናም ምግብ አብሳይ ነው የምትሆነው፤ አይዞሽ፣ እቀይርልሻለሁ።» ቀየረልኝ።

ሁለተኛ። መኪናዋ አልዳነችም። ተመልሼ ስመጣ ከጽሕፈት ቤትዎ የተሰጠኝን ሁለተኛ ወረቀት እስከ ዛሬ ከመኪናዬ መሪ ጎን፣ ክሩስኮቱ ኪስ ውስጥ አኑሬዋለሁ። እንዲህ ይላል፦ «ሴንሰሩ በትክክል ይሠራል። ጭሷ ከልክ በላይ ነው። ሴንሰሩ ይቀየር።» እነዚህን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ በመነጽርና ያለ መነጽር አንብቤያቸዋለሁ። በእኔ ክፍል እንዲህ ያለ መልስ የጻፈ ልጅ ጥግ ይዞ ይቆም ነበር፤ በእርስዎ ክፍል ግን ማኅተም ተመትቶለታል።

በመስኮቱ የተቀመጠው ሠራተኛዎ ኒኮም ወረቀቱን ሲሰጠኝ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ የነገረኝንም አልረሳም፦ «ክሩ፣ እኔ ምንም አላልኩም እንጂ… አሮጌውን ሴንሰር አጥቦ አዲስ ነው ብሎ የሚገጥም ሰው አለ አሉ። እኔ ግን ምንም አላልኩም።» ምንም አለማለቱን ምስክር ነኝ። የመሥሪያ ቤት ሰው ምንም ሳይል የሚለው ነገር ግን እንዴት እንደሚሰማ እርስዎም ሳያውቁት አይቀሩም። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ፣ የሉንግ ቹምን ጋራዥ አልፌ ሄድኩ እንጂ እንደ ወትሮዬ ሰላም ለማለት አልቆምኩም።

ሦስተኛውን አቤቱታ ለመጨረሻ አቆየዋለሁ። መቁጠር ጠፍቶኝ አይደለም።

አራተኛ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ጠረጠርኩ። ቤንዚን ማደያውን ውሃ ቀላቅሏል ብዬ ጠረጠርኩት። የጎረቤቴ ድመት ሞተሩ ላይ እየተኛች ሽቦ ታኝካለች ብዬ ሁለት ቀን በመስኮት ጠበቅኋት። የመኪናዋን ጠባቂ እመቤት ሜ ያ ናንግን እንኳ አልማርኳትም፤ መሪው ላይ አዲስ የአበባ ጉንጉን አስሬ ይቅርታ ጠይቄያት ስታበቃ፣ መኪናዋ መብራት ላይ ስትጠፋብኝ «አንቺም ከእነሱ ጋር ነሽ» ብዬ ተቆጥቻታለሁ። ከሁሉ ይልቅ ግን ሉንግ ቹምን ጠረጠርኩ። ኒኮም ምንም ያላለው ነገር ሆዴ ውስጥ ገብቶ አላስተኛኝ አለ።

እናም ፈተና አዘጋጀሁለት። አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ ከተማ ሄጄ በራሴ እጅ ሌላ ሴንሰር ገዛሁ። የእህቴን ልጅ ቀይ የጥፍር ቀለም ተውሼ፣ ከብረቱ ጫፍ አጠገብ፣ ሰው ልብ የማይላት ቦታ ላይ አንዲት ነጥብ ነጠብኩበት። ከዚያም ምንም እንዳላወቀ ሰው ለሉንግ ቹም ሰጥቼ አስገጠምኩት። በሳምንቱ መኪናዋ በእርስዎ ዘንድ ለሦስተኛ ጊዜ ወደቀች። ሠራተኛዎን ለምኜ እዚያው የመመርመሪያ ጉድጓዳችሁ ላይ አስፈታሁና ነጥቧን ፈለግሁ፣ አገላብጬ ፈለግሁ። የለችም። ሠራተኛዎ ራሱን ነቀነቀ፣ ኒኮምም ከመስኮቱ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። ምንም አላሉም።

ከእናንተ መካከል አንድ ሰው እንኳ፣ ከሞተር የሚወጣ ጭስ የሚነካውን ብረት የሚነድ ከሰል እንደሚያደርገውና የጥፍር ቀለም ይቅርና ከዚያ የጠነከረም ቀለም እዚያ ቦታ አንድ ሰዓት እንደማይቆይ ቢነግረኝ ኖሮ፣ ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ ነበር። በመሣሪያ የተሞላ ግቢ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ጠፍቶ ነው ብዬ ማመን ያስቸግረኛል። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም።

በማግስቱ መነኮሳቱ የዝናቡን ወራት ሱባኤ የሚገቡበት ዕለት ነበር። ገዳሙ ማድ ቤት ውስጥ ሠላሳ ሴቶች ሆነን አትክልት እየከተፍን ሳለ፣ አንዷ መኪናዬ ዳነች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። «እንዴት ትዳን? ሉንግ ቹም ሴንሰሬን ሰርቆኝ!» አልኩ። የመምህርት ድምፅ ነው፣ የመጨረሻ ወንበር ድረስ ይሰማል። ሉንግ ቹም በዚያን ሰዓት ከማድ ቤቱ ግድግዳ ማዶ የገዳሙን ድምፅ ማጉያ እየገጠመ ነበር፤ የገዳሙ ማጉያና ጄኔሬተር አሥራ ስምንት ዓመት በእሱ እጅ ነው የኖረው። የያዘውን ሽቦ ጠቅልሎ አስቀመጠ፣ የማጉያውን ክፍል ቁልፍ ለገዳሙ አለቃ አስረከበና በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። ያን ሳምንት የጋራዡን ታፔላ አውርዶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አቆመው። ሰውም መኪናውን ወደ ሌላ ሰፈር መውሰድ ጀመረ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው፤ መቺዋ ደግሞ እኔ ነበርኩ።

አምስተኛ። ይህ አቤቱታ ሳይሆን ምስጋና ነው፤ እርስዎን ግን አይመለከትም። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ሉንግ ቹም ነው፤ በእጁ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ባለ መርፌ ቴስተሩን ይዟል። ቀዝቃዛ ውሃ ቀድቼ አቀረብኩለት፤ አልነካውም።

«ክሩ፣ ለእርስዎ ብዬ አይደለም የመጣሁት» አለኝ። «በደጄ ባለፉ ቁጥር የቤንዚኑ ሽታ እየመጣብኝ እንቅልፍ አጣሁ። መኪናዋን ነው ያሳዘነችኝ። ቁልፉን ይስጡኝ።»

የቴስተሩን አንድ ጫፍ ከሴንሰሩ ወደ ኮምፒውተሩ በሚገባው ሽቦ ላይ ሰካና ሞተሩን አስነሣ። መርፌው ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ይላል። እኔ ጥሩ ነው ብዬ ነበር። እሱ ግን ዓይኑን ከመርፌው ሳይነቅል ብዙ ቆየ። «እኔም ጅል ነኝ» አለ። «ሁለቴ ስቀይር አንዴ እንኳ እዚህ ጋ ሳልለካ። እዩት እስቲ፤ እንደ ሰዓት ነው የሚሄደው፤ እውነተኛ ምላስ እንዲህ እኩል እኩል አትናገርም። በዚያ ላይ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው። ምላስ ሳትሞቅ አትቀምስም እኮ።» ሞተሩን አጠፋና መኪናዋ ሥር ገባ። ሴንሰሩን ፈትቶ፣ በጨርቅ ጠርጎ መዳፌ ላይ አስቀመጠው፤ ከዚያም ሞተሩን እንደገና አስነሣ።

መርፌው ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች።

«ምላሷ እጅዎ ላይ ነው» አለኝ። «ታዲያ ይሄ ማነው የሚያወራው?»

ሽቦውን በጣቱ እየዳሰሰ ተከተለ። ሽቦው ከሞተሩ ቤት ወደ ውስጥ አልፎ፣ ክሩስኮቱ ሥር ገብቶ፣ ከአሮጌው ሬዲዮ ጀርባ አንዲት ጥቁር ሳጥን ጋ ደረሰ። የክብሪት ቤት ታክላለች፤ የጋዝ ቤቱ ምልክት ተለጥፎባታል። በ2551 ቤንዚን ጣራ ሲነካ የወረዳው ሰው ሁሉ መኪናውን ወደ ጋዝ ሲያዞር እኔም አዙሬ ነበር። መኪና በጋዝ ስትነዳ ኮምፒውተሯ በሚሰማው ወሬ ግራ እንዳይጋባና እንዳይጮህ፣ የጋዝ ቤቱ ሰው ይህችን ሳጥን መካከል ላይ ያስገባ ነበር። ሥራዋ አንድ ብቻ ነው፤ ሴንሰሩ የፈለገውን ቢል፣ ለኮምፒውተሩ «ሁሉ ደህና ነው፣ ሁሉ ደህና ነው» ማለት።

ከሦስት ዓመት በፊት ጋዙን ሳስነቅል ሲሊንደሩ ወጣ፣ ቱቦው ወጣ፣ እሷ ግን ቀረች፤ ማንም በቃሽ አላላትም። በዚህ ዓመት አንዱ የቤንዚን መርጫ ማንጠባጠብ ሲጀምር፣ እውነቱ ቢነገራት ራሷ ቀንሳ ልታስተካክለው የምትችለው ምስኪን መኪና፣ ሁሉ ደህና ነው እየተባለች ቤንዚን ስትጠጣ ከረመች። ሁለቴ ሴንሰር ቀየርን፤ ከመጀመሪያው ጋር ሦስቱም እውነቱን ተናገሩ፣ የሰማቸው ግን አልነበረም። ሉንግ ቹም ሳጥኗን ቆርጦ አውጥቶ ሴንሰሩን ከኮምፒውተሩ ጋር በቀጥታ ሲያገናኘው፣ ክሩስኮቱ ላይ ያለው የሞተር መብራት ከስንት ዓመት በኋላ ቦግ አለ። መኪናዋ ለመጀመሪያ ጊዜ «አመመኝ» አለች። አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

መርጫውን አድሶ፣ መብራቱ እስኪጠፋ ጠብቆ፣ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። ውሃው እንደተቀመጠ ነበር።

ስድስተኛ። የዚያኑ ቀን የመኪናዋን ወረቀቶች አወጣሁ። ከእነሱ ውስጥ በ2564 ከክቡር ጽሕፈት ቤትዎ የተሰጠኝ፣ በእርስዎ ስምና ፊርማ የወጣ የምስክር ወረቀት አለ፦ «የጋዝ መሣሪያዎች በሙሉ ተነቅለው መውጣታቸው በዓይን ታይቶ ተረጋግጧል።» ያን ቀን እንዴት እንደታየ አስታውሳለሁ። ዝናብ ነበር። ክቡርነትዎ በመስኮት ብቅ ብለው፣ የተጠበሰ ሥጋ የተሰካበትን እንጨት በአንድ እጅዎ እንደያዙ፣ ግቢው ማዶ የቆመችውን መኪናዬን ወደዚያ አሻግረው አዩና ማኅተሙን መቱ። በዚያ ሁሉ ዝናብ ውስጥ ከሬዲዮ ጀርባ ያለን ነገር ያየ ዓይን የታደለ ነው። ሦስተኛ ክፍል ሳሉም የማካፈል መልስዎን ከጎንዎ ካለው ልጅ ደብተር ላይ በዓይን አይተው ያረጋግጡ እንደነበር ትዝ አለኝ። ልዩነቱ ያ ልጅ ቢያንስ ትክክለኛውን መልስ ይጽፍ ነበር።

ሦስተኛ። አሁን ወዳቆየሁት ልመለስ፤ ይህኛው አቤቱታ በእኔ በራሷ በራምፓይ ላይ የቀረበ ነው። ከእርስዎ ማኅተም በታች፣ በትንንሽ ፊደል፣ «እኔ ባለንብረቷ ይህንኑ በዓይኔ አይቼ አረጋግጫለሁ» የሚል ቃል አለ፤ ሥሩም የእኔ ፊርማ አለ። ውብ ፊርማ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመት የተማሪ ውጤት ካርድ ላይ የሰፈረ ፊርማ። ክሩስኮቱ ሥር አላየሁም። ኮፈኑንም አልከፈትኩም። ዣንጥላ አልያዝኩምና ቶሎ ወደ ቤቴ መሄድ ፈልጌ ነበር። ስለዚህ እኔና ክቡርነትዎ አብረን ዋሽተን፣ አንድ ሰው ብቻውን ሌባ ተባለ።

የእኔን ድርሻ ከፍያለሁ፤ ከፈልኩ ማለት ከተቻለ። ባለፈው ሳምንት ለመነኮሳቱ አዲስ ልብስ በሚሰጥበት ዕለት፣ የገዳሙን አለቃ አስፈቅጄ ማይኩን ያዝኩ። ያቺን ወረቀት ከነፊርማዬ ለሕዝቡ አነበብኩ። ስለ ጥፍር ቀለሙም ተናገርኩ፤ ሕፃናቱ ሳቁ፣ ትልልቆቹ አልሳቁም። «ሌባዋ እኔ ነኝ፤ የሰረቅኩትም የሰው ስም ነው» ስል፣ በሉንግ ቹም ፈንታ የተተካው ሰው በደንብ ያልገጠመው ማጉያ ጆሮ የሚበጥስ ፉጨት ለቀቀ። ሕዝቡ ጆሮውን ያዘ። ሉንግ ቹም ከኋላ ተነሣ፤ በሰው መካከል እየተሹለከለከ መጥቶ ሁለት ቁልፍ አዞረና ፉጨቱን ዝም አሰኘው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ከአፍሽ አራቅ አድርገሽ ያዢው፣ ክሩ። ደግሞ አትጩሂ፤ ድሮም ድምፅሽ ይሰማል» አለኝ። ከፊቴ የተቀመጠውን የእኔን ውሃ አነሣና ጠጣው።

ታፔላው ግን እስከ ዛሬ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ ነው። ስቀለው ብዬ ብለምነው እንዲህ አለኝ፦ «የአንቺን ሰምቻለሁ፣ ለእኔ ይበቃኛል። ሰው ግን መኪናውን ይዞ የሚመጣው ማኅተም አይቶ ነው። መኪናሽን ሦስቴ ጽፈው የጣሏት እነሱ ናቸው፤ ጥፋት እንደሌለብኝም እነሱው ይጻፉት።» ስለዚህ ከክቡርነትዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። በጽሕፈት ቤትዎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ የ2564ቱ ምስክር ወረቀት መኪናዋ ሳትታይ የተሰጠ መሆኑንና ሉንግ ቹም አንዳች ጥፋት እንደሌለበት የሚገልጽ ባለ ሁለት መስመር ጽሑፍ ከነማኅተሙ ይለጥፉልን። ከአንድ መስመር በላይ መጻፍ ከከበደዎ እኔ አርቅቄ አመጣለሁ፤ እርስዎ እንደ ልማድዎ አይተው ይገለብጣሉ።

ለዓመታት ስለሰጡን አገልግሎት ያለኝን ምስጋና የሚመጥን ቃል ፈልጌ ያጣሁ፣ ዘንድሮም እንደ አምናው በጎ ዓይንዎ ከሩቅ እንዳይለየን የምመኝ፣ የድሮ መምህርትዎና የዘወትር ባለጉዳይዎ፣

ራምፓይ
የአረንጓዴዋ መኪና ባለቤት፣ ኖንግ ታፋን
ኅዳር ወር፣ 2567

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ባለፈው ማክሰኞ ቦሎዬን ለመውሰድ ስመጣ፣ በኒኮም መስኮት ላይ «በአገልግሎታችን ረክተዋል?» የሚል፣ የሚስቅ፣ ዝም ያለና የሚያዝን ፊት ያለው መጠየቂያ ተቀምጦ አየሁ። የሚያዝነውን ተጫንኩት፤ በባትሪ የሚሠራው መብራቱ በርቶ «እናመሰግናለን» አለኝ። እንደሚያውቁት ተጠራጣሪ ሰው ነኝና መልሳችንን የሚወስደው ሽቦ ወዴት እንደሚሄድ ጎንበስ ብዬ ተከተልኩት። ከጠረጴዛው ሥር ተጠቅልሎ በላስቲክ ታስሯል፤ ከምንም ጋር አልተገናኘም። ሉንግ ቹም ታፔላውን መልሶ የሰቀለ ዕለት መጥቶ በነፃ ያገናኝልዎታል።